ስፓኒሽን እንደ ማይነር ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ?

ጠያቂ፦ የሜክሲኮ ሰፈር ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። በመሀል አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት የ2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ ከዋናው የትምህርት መስካችን ጎን ለጎን አንድ ማይነር እንድንመርጥ ቅጽ ታድሎናል፤ ከአማራጮቹ መካከልም «የስፓኒሽ ቋንቋና ባህል» የሚል ይገኛል። ትምህርቱ በሳምንት 3 ሰዓት እየተሰጠ በ4 ሴሚስተር የሚጠናቀቅ ሲሆን፣ የመጨረሻዎቹ ኮርሶች በታሪክና በባህል ላይ እንደሚያተኩሩ ተነግሮናል።

እውነቱን ለመናገር እስካሁን ከስፓኒሽ ጋር ያለኝ ትውውቅ የላ ሊጋን ጨዋታ ከመከታተል ያለፈ አይደለም። ተወልጄ ያደግሁት ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ቢሆንም፣ አደባባዩ ያንን ስም ለምን እንዳገኘ እንኳ በቅጡ አላውቅም። አባቴ ደግሞ «የአፍሪካ ኅብረት ከደጅህ ነው፤ ፈረንሳይኛ ብትማር ያበላሃል፤ ስፓኒሽ ተምረህ አዲስ አበባ ውስጥ ከማን ጋር ልታወራው ነው?» ይለኛል። መልስ አጣሁለት።

ስለዚህ ልምድ ያላችሁን ሦስት ነገር ልጠይቅ። በ4 ሴሚስተር ምን ያህል ደረጃ ላይ ይደረሳል? አፉን በአማርኛ ለፈታ ሰው ቋንቋው ይከብዳል? የባህሉ ክፍልስ ለዋናው ትምህርቴ የሚጨምረው ነገር አለ ወይስ ስለ ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ነው?

መልስ 1፦ ጋሽ ቶሮንኻ

ልጄ፣ አባትህን አትቀየማቸው። «ከማን ጋር ታወራዋለህ?» ላሉት ግን መልስ አለ፤ አንዱ እኔ ነኝ።

አባቴ ካራማራ ላይ ከወደቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ወደ ኩባ ከተላኩት ሕፃናት መካከል ነበርኩ፤ ያን ጊዜ ዕድሜዬ 11 ዓመት ነው። የወሰዱን ቀድሞ የጥድ ደሴት ትባል ወደነበረችው፣ ከ1978 ወዲህ ደግሞ የወጣቶች ደሴት ወደ ተባለችው ስፍራ ነበር። ግማሹን ቀን ክፍል ውስጥ እንማራለን፤ ግማሹን ቀን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ እስከ ዓይን ዳርቻ በተዘረጋው የፍራፍሬ እርሻ እንሠራለን። ሰላምታ እንኳ ሳንማር በፊት የያዝኩት የመጀመሪያ ቃል «ቶሮንኻ» ነው፤ ቅርጫት የሚያድለን ሰው ጣቱን ወደ ዛፉ ቀስሮ ሦስት ጊዜ ደጋገመልንና ወደ ሥራ ገባን። ቶሮንኻ ማለት ግሬፕፍሩት ነው። ብዙ ዓመት ቆይቼ፣ ቃሉ በዐረብኛ በኩል ከእኛው ትርንጎ ጋር ዘመድ መሆኑን ሳውቅ ለብቻዬ ሳቅሁ፤ ያ ሁሉ ባሕር ተሻግሬ የተማርኩት የመጀመሪያ ቃል ከጓሯችን የሄደ መስሎኝ።

በቸርችል ጎዳና፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለውን የትግላችን ሐውልት ታውቀዋለህ። በኦጋዴኑ ጦርነት ከኢትዮጵያውያን ጎን ተሰልፈው የወደቁት ኩባውያን የሚታሰቡት እዚያ ነው። ከእነዚያ ዓመታት ጀምሮ ኩባ የተማረው ኢትዮጵያዊ ቁጥሩ ብዙ ነው፤ ሐኪም አለ፣ መሐንዲስ አለ፣ የእርሻ ባለሙያ አለ። በዚህ ከተማ ተበትነን እንኖራለን፤ ስንገናኝም ጨዋታው ሳናስበው ወደ ስፓኒሽ ያዘነብላል።

ስለ ሰፈርህ ስም ደግሞ ልንገርህ። ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ወረራውን አናውቅም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ የሜክሲኮ መንግሥት ነበር። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴም እ.ኤ.አ. በ1954 ያንን አገር ጎበኙ። የእኛ አደባባይ ሜክሲኮ ተባለ፤ በሜክሲኮ ሲቲም «ኢትዮጵያ» የሚባል አደባባይ አለ። እዚያው ያለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያም በዚሁ ስም የሚጠራ ሲሆን ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። እንግዲህ አንተ በተወለድክበት ሰፈር ልክ፣ በሌላው የዓለም ጫፍ «ኢትዮጵያ ወራጅ አለ» የሚል ሰው ይኖራል ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የእኔ ስፓኒሽ የኩባ ስለሆነ በክፍለ ቃል መጨረሻ ያለችውን «ስ» እንውጣታለን፤ አውቶቡስን ደግሞ «ጓጓ» እንላለን፤ ፌርማታ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ የሚጓጓ በመሆኑ ቃሉን ለመያዝ እኛ ሐበሾች አልተቸገርንም። አስተማሪህ ከስፔን ከመጣ የእኔን አነጋገር ሲሰማ ፊቱን ሊያኮሳትር ይችላል፤ ሁለታችንም ትክክል ነን።

መልስ 2፦ ዐረብኛን አስብበት

የጋሼ ታሪክ ልብ ይነካል፤ ይሁን እንጂ ማይነር የሚመረጠው በትዝታ አይደለም። ጠያቂው ዓለም አቀፍ ግንኙነት የሚያጠና ከሆነ ጎረቤቶቻችንን ይቁጠር፦ ሱዳን፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያ፣ ከባሕሩ ማዶ የመንና ሳዑዲ ዐረቢያ። በዓባይ ጉዳይ ከካይሮ የሚወጣውን ጽሑፍ በትርጉም ብቻ እያነበብን እስከ መቼ እንዘልቃለን? ዐረብኛ ከአማርኛ ጋር የሴም ቋንቋ ዘመድ በመሆኑ ሥርወ ቃሉ ያግዛል። ስፓኒሽ ለሚወደው ጥሩ ነው፤ ለአገሪቱ የቅርብ ጉዳይ ግን ሁለተኛ ነው የሚል አቋም አለኝ።

መልስ 3፦ ተርጓሚዋ ከካዛንቺስ

ዐረብኛን ያነሡት ወንድማችን የተናገሩት ትክክል ነው፤ ዐረብኛ በአማራጭ ቅጹ ላይ ካለና ጠያቂውም ፍላጎቱ ካለው አልከራከርም። እኔ ግን በጽሑፍ ትርጉም ሥራ ከ12 ዓመት በላይ ስለቆየሁ፣ በቀረቡት ሦስት ጥያቄዎች ላይ ብቻ ልወሰን።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። በሳምንት 3 ሰዓት፣ በሴሚስተር 16 ሳምንት ቢባል አራቱ ሴሚስተር ተደምሮ 192 ሰዓት ነው፤ ከዚህም ውስጥ የባህሉ ኮርስ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ከሆነ የቋንቋው ሰዓት ይቀንሳል። በአውሮፓውያኑ የቋንቋ ደረጃ ምደባ ይህ ሰዓት ወደ ኤ2፣ ማለትም ከስድስቱ ደረጃዎች ወደ ሁለተኛው ያደርሳል፤ ሦስተኛው የሆነው ቢ1 ላይ ለመድረስ በተለምዶ ከ300 ሰዓት የሚበልጥ ትምህርት ይጠይቃል። ስለዚህ ቀሪውን ሰዓት ከራስህ ጊዜ ማዋጣት ይኖርብሃል ማለት ነው። ደረጃህን በወረቀት ማስመስከር ከፈለግህ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የተመሠረተው የሰርቫንቴስ ተቋም በስፔን የትምህርት ሚኒስቴር ስም የሚሰጠው «ዴሌ» የተባለው ዲፕሎማ ከኤ1 እስከ ሲ2 ስድስት ደረጃዎች አሉት፤ አንዴ ከተገኘም ጊዜው አያልፍበትም።

አባትህ ያነሡት የኅብረቱ ጉዳይ ግማሹ እውነት ነው። በአፍሪካ ኅብረት መቋቋሚያ ሕግ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው ማሻሻያ ስፓኒሽን ከዐረብኛ፣ ከእንግሊዝኛ፣ ከፈረንሳይኛ፣ ከፖርቱጋልኛና ከኪስዋሂሊ ጋር በኦፊሴላዊ ቋንቋነት ይዘረዝራል፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ከስፔን ነፃ የወጣችው ኢኳቶሪያል ጊኒም የኅብረቱ አባል ናት። ሆኖም በስብሰባ አዳራሹ መስታወት ጀርባ የሚቀመጡት አስተርጓሚዎች ብዙውን ጊዜ ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚተረጉሙ፣ ለዚሁ ሙያ ለዓመታት የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። በ192 ሰዓት እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ የለም፤ ይህንን ተስፋ አድርገህ ከሆነ የምትመርጠው ከወዲሁ ተወው። ማይነር የሚጠቅመው ዋናውን ሙያ ሲያግዝ ነው። ቋንቋው በ20 ሉዓላዊ አገሮች ኦፊሴላዊ ነው፤ የላቲን አሜሪካን ፖለቲካ በራሳቸው ጋዜጣ የሚያነብ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ምሩቅ ግን በከተማችን ብዙ አታገኝም።

ይከብዳል ወይ ለተባለው፣ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪው ይልቅ አማርኛ ተናጋሪው የሚቀናበት ቦታ አለ ባይ ነኝ። በስፓኒሽ «ፔሮ» የሚለው ቃል «ር» ላልታ ስትነበብ «ግን» ማለት ሲሆን፣ ጠብቃ ስትነበብ «ውሻ» ማለት ነው። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ተማሪዎች በዚህች ልዩነት ወራት ሲንገላቱ አይቻለሁ፤ እኛ ግን «አለ» የሚለውን እያላላንና እያጠበቅን ስላደግን ጆሯችን ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቃት። እንዲያውም እነሱ ጠባቂዋን በሁለት «ር» ስለሚጽፏት ከእኛ የተሻለ ያነባሉ። በአናትዋ ላይ ሞገድ ያለባት «ን» ደግሞ የእኛው «ኝ» ናት፤ «ኤስፓኛ» ብለህ ስትጽፍ አንድም ድምፅ አይጎድልብህም።

ግሱም ባለቤቱን በራሱ ይዞ ይሄዳል። «እናገራለሁ» ስንል «እኔ» ማለት እንደማያስፈልገን ሁሉ እነሱም «አብሎ» ብለው ያቆማሉ፤ «አብላስ» ካሉ አንተን ነው፣ «አብላሞስ» ካሉ እኛን ነው። የአክብሮቱ ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስገርመኛል። «ኡስቴድ» የሚለው እርስዎታ «ጸጋዎ» እንደማለት ካለ አሮጌ ማዕረግ ተኮማትሮ የመጣ ሲሆን፣ ፊት ለፊት ያለውን ሰው እያናገሩ ግሱን በሦስተኛ መደብ ያረቡታል። የእኛ «እርስዎ» ደግሞ «ራስዎ» ከሚለው የመጣ ነው፤ «እርስዎ ይመጣሉ» ስንልም ግሱ ለ«እነሱ» ከምንለው አይለይም። ሰውን ለማክበር በቀጥታ አለመንካትን ሁለቱም ሕዝቦች መርጠዋል።

የሚያስቸግርህ ሌላ ነው። እኛ በ«ነው» የምንጨርሰውን እነሱ በሁለት ግስ ይከፍሉታል፤ ስለ ሰውዬው ጠባይ ሲሆን «ኤስ»፣ ስላለበት ሁኔታ ሲሆን «ኤስታ» ይላሉ። «ኤስ አቡሪዶ» ካልክ «አሰልቺ ነው» ብለህ ሰደብከው፤ «ኤስታ አቡሪዶ» ካልክ «ሰልችቶታል» ብለህ አዘንክለት። ከዚያ ደግሞ ለምኞት፣ ለጥርጣሬና ለልመና የሚሆን የተለየ የግስ አረባብ አለ፤ እሱ ላይ ሁለተኛውን ዓመት ሙሉ ታለቅሳለህ።

መልስ 4፦ አስጎብኚዋ

ከሦስት ዓመት በፊት ይህንኑ ማይነር ከቱሪዝም ጋር አጣምሬ ጨርሻለሁ። ተርጓሚዋ እህታችን ስለ ደረጃው የሰጡት ግምት ከእኔ ልምድ ጋር ይገጥማል፤ ስመረቅ ምግብ ማዘዝ፣ መንገድ ማሳየትና በቀስታ ማውራት እችል ነበር፤ ቀልድ ግን አይገባኝም ነበር።

ክፍል ውስጥ ያላስተማሩኝን አንድ ነገር ልንገርህ። ፒያሳ አካባቢ ካለ ሆቴል ስምንት ስፔናውያንን ይዤ ወደ ደብረ ሊባኖስ ለመጓዝ ቀጠሮ ያዝኩ። የመጀመሪያዬ በስፓኒሽ ብቻ የሚመራ ጉዞ ስለነበር ሌሊቱን ዐረፍተ ነገሮቼን ስለማመድ አድሬያለሁ። «ማኛና፣ ኣ ላስ ዶስ» አልኳቸው፤ ነገ፣ በሁለት ሰዓት ማለቴ ነው። ሾፌራችን ገና ከጠዋቱ 1፡30 ጀምሮ ሞተር እያሞቀ ጠበቀ። 3 ሰዓት ሆነ፤ ማንም የለም። ወደ ላይ ወጥቼ ባየሁ ጊዜ ሁሉም በፒጃማ ሆነው ቡና ይጠጣሉ፤ መሪያቸው በፈገግታ «ለዶስ ገና አምስት ሰዓት ይቀረናል» አለኝ። የእነሱ ሁለት የእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው! ግሱ ትክክል፣ መስተዋድዱ ትክክል፣ ሰዓቱ ግን የሐበሻ ነበር። ቁጥሩን በስፓኒሽ ስቆጥር ሐሳቤ በአማርኛ ሰዓት እየቆጠረ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። «ማኛና» ደግሞ «ነገ»ም «ጠዋት»ም ማለት ስለሆነ፣ «ነገ ጠዋት» ለማለት ቃሏን ሁለት ጊዜ መጥራት ያስፈልግ ነበር፤ አንዷን ቆጥቤ ግማሽ ቀን ከሰርኩ።

ስለ ባህሉ ኮርስ፣ ለእኔ ሥራ የጠቀመኝ ከሁሉ በላይ የፔድሮ ፓኤዝ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1564 የተወለደው ይህ ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ቄስ ወደ እኛ ለመምጣት ሲሞክር ተይዞ በየመን ለሰባት ዓመት ያህል ታሰረ፤ በ1603 አገራችን ገባ፤ አማርኛና ግዕዝ ተማረ፤ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ተወዳጀ፤ በ1618 ግሽ ዓባይን አየ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ወደዚያ የደረሰው ከ150 ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። ከፓኤዝ ታሪክ ጋር የተያያዘችው ጎርጎራ ላይ ስደርስ ስፔናውያኑ እንግዶቼ ብዙዎቹ ስሙን ሰምተውት አያውቁም፤ የራሳቸውን አገር ሰው የማስተዋውቃቸው እኔ ነኝ። በዚያ ላይ ታሪኩን በእኛ በኩል ያለውን ጨምሬ እነግራቸዋለሁ፤ የንጉሡ ሃይማኖት መለወጥ ያስከተለውን ደም መፋሰስና ሱስንዮስ በ1632 ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል መልቀቁን ሳልዘል ማለት ነው። አንዳንዶቹ ዝም ይላሉ።

መልስ 5፦ የሕግ መምህር

ሦስተኛው ጥያቄ በቂ መልስ ያገኘ ስላልመሰለኝ ጥቂት ልጨምር። ለፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ የስፔን ታሪክ የዘፈንና የጭፈራ ጉዳይ አይደለም።

አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1939 በእርስ በርስ ጦርነት ታመሰች፤ ከዚያ ጀኔራል ፍራንኮ በ1975 እስኪሞት ድረስ በአምባገነንነት ገዛ፤ በሕዝባዊ ኑሮም ከካስቲልኛ ውጪ ያሉት ቋንቋዎች ተገፉ። በ1978 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 3 ካስቲልኛን፣ ማለትም እኛ ስፓኒሽ የምንለውን፣ የመንግሥት ቋንቋ አድርጎ ዜጎች ሁሉ የማወቅ ግዴታና የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ሌሎቹ ቋንቋዎች ደግሞ በየራስ ገዝ ክልላቸው ተጨማሪ ኦፊሴላዊ ቋንቋ እንዲሆኑ ይፈቅዳል። ዛሬ 17 ራስ ገዝ ክልሎች አሉ፤ ካታላንኛ፣ ጋሊሲያኛና ባስክኛ በየአካባቢያቸው ይሠራባቸዋል።

ይህንን ከእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 አጠገብ አስቀምጠህ አንብበው። የእኛው ሕገ መንግሥት፣ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ደንግጎ አማርኛን የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ ያደርጋል እንጂ፣ ማንም እንዲያውቀው አያስገድድም። አንዱ «ግዴታ» የሚል ቃል ጽፏል፤ ሌላው አልጻፈም። በዚያች አንዲት ቃል ላይ ብቻ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣል፤ የካታሎኒያን ክርክር ከምንጩ ለማንበብ ግን ቋንቋው ያስፈልግሃል። ማይነሩን የምትወስደው በዚህ ዓይነት ጥያቄ ተይዘህ ከሆነ ውሰደው። ክሬዲት ለመሙላት ከሆነ ግን ዐረብኛን ያነሡትን ወንድም ስማቸው።

ጠያቂ፦ የሜክሲኮ ሰፈር ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቅጹን ትናንት ሞልቼ አስገብቻለሁ፤ ስፓኒሽን መርጫለሁ። «ምክንያትዎን በአጭሩ ይግለጹ» በሚለው መስመር ላይ መጀመሪያ የጻፍኩትን ሰርዤ፣ መምህሩ ስለ አንቀጽ 3 እና አንቀጽ 5 ያነሡትን አሰፈርኩ። 192 ሰዓቱ እንደማይበቃም ገብቶኛል። አባቴ ሙሉ በሙሉ አላመነም፤ የጋሼን መልስ ጮክ ብዬ ሳነብለት ግን «ትርንጎ?» ብሎ አቋረጠኝና እንደገና አስነበበኝ።

ጋሼ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ላግኝዎትና ድምፁን ከእርስዎ አፍ ልስማ። ስመጣ በ«ቱ»፣ ማለትም በ«አንተ» ልጥራዎት ወይስ በ«ኡስቴድ»?

መልስ 6፦ ጋሽ ቶሮንኻ

ኩባ ብንሆን «ቱ» ብትለኝ ማንም አይታዘብህም ነበር፤ እዚህ ግን ሽማግሌ ነኝና «ኡስቴድ» በለኝ። ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ ትግላችን ሐውልት መግቢያ በር ላይ እጠብቅሃለሁ። አባትህንም ይዘሃቸው ና። 9 ሰዓት ያልኩህ በሐበሻ አቆጣጠር ነው፤ ያቺ አስጎብኚ ልጅ የደረሰባት እንዳይደርስብን።